የቆርቆሮው ሰውዬ

አባባ ገመድ ሲገዙ ባለሱቁ እስኪሰለች ድረስ ይመረምሩ ነበር። ሸዋ በር አካባቢ ካሉት ሱቆች ደጃፍ ቆመው የቃጫውን ገመድ በአንድ እጃቸው፣ የናይሎኑን በሌላው ይይዛሉ። ጫፉን በጥፍራቸው ፈታ አድርገው ያዩታል፤ ያሸቱታል፤ ጉልበታቸው ላይ ጠምጥመው ይስቡታል። ዋጋ የሚጠይቁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዋጋውን ሲሰሙ ደግሞ አንዲት የማትቀር ጥያቄ ያስከትላሉ፤ «ስንት ክረምት ይችላል?» ባለሱቁ ደፍሮ ቁጥር ከጠራ አያምኑትም። «እንደ አያያዝህ ነው፣ ባሻ» ካላቸው ግን ደስ ይላቸዋል፤ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ይገባል።

እኔ ዘንቢል ይዤ ከኋላቸው የምቆም የልጅ ልጅ ነበርኩ። ገመዱ ለቤት አይደለም፤ ድሬ ጠያራ ላለችው ማሳችን ነው፤ ማሽላዋን ከወፍ ለማዳን። በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ በየመስከረሙ፣ የኛ ቤት ወሬ ይኸው ነበር፤ ዘንድሮ ለወፉ ምን እንግዛ? ርካሹን ወይስ የሚበረክተውን?

አባባ ዕድሜያቸውን በውትድርና ያሳለፉ ሰው ናቸው። የ3ኛ ክፍለ ጦር መምሪያ ሐረር ስለነበር፣ ከሸዋ የመጣው ጎረምሳ ወታደር እዚሁ አግብቶ፣ እዚሁ ወልዶ፣ ሻምበል ባሻ ሆኖ እዚሁ ጡረታ ወጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ለሕዝብ መሆኑ ታወጀ። እሳቸውም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ገበሬ ማኅበር ውስጥ ታቅፈው አንዲት ቁራሽ መሬት ደረሰቻቸው። ባለቤታቸው እማማ የከተማውን ቤት አልለቀቁም። አባባ ግን ከዘር እስከ አጨዳ ድሬ ጠያራ፣ ማሳው ዳር በቀለሷት ጎጆ ይከርማሉ። እኔ ትምህርት ሲዘጋ ክረምቱን ሙሉ፣ ሲከፈት ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ከሳቸው ጋር ነኝ።

ድሬ ጠያራ ዛሬ ከሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳዎች አንዱ ነው። ያኔ ለኛ ለልጆቹ ከከተማ ወጥተን በእግር የምንደርስበት፣ ማሽላው ከጭንቅላታችን በላይ ቆሞ የሚውጠን አገር ነበር። ሐረርጌ የማሽላ አገር ነው። ሙይራና ፈንዲሻ የሚባሉት የአካባቢው ዘሮች በሚያዝያ ዝናብ ይዘራሉ፤ የሚታጨዱት ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ያን ሁሉ ወር መሬት ላይ የቆመ እህል የሚጣል ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ፍሬው እንጀራ ነው። አገዳው ማገዶና አጥር ነው፤ ቅጠሉ ለከብት ነው፤ ጥንቅሽ የሆነውን ደግሞ ልጆች እየላጥን እንመጠው ነበር። ስለዚህ ማሽላው በወፍ ከተበላ የሚጎድለው ጎተራ ብቻ አይደለም። ልፋቱ ሁሉ ከፍሬው ጋር ይሄዳል፤ የሰባት ወር ልፋት።

ወፍ የሚመጣው ፍሬው ወተት ሲሞላ ነው። ዛላው ላይ ታርፍና ፍሬዋን በመንቆሯ ጨምቃ ወተቱን ትመጣለች፤ ገለባውን እዚያው ትተዋለች። ከሩቅ ሲያዩት ዛላው ሙሉ ይመስላል። ቀርበው በጣት ሲዳብሱት ባዶ ነው፤ ጣት ላይ የሚቀረው ነጭ እርጥበት ብቻ ነው። ይህ የሚሆነው መስከረምና ጥቅምት ውስጥ ባሉ ጥቂት ሳምንታት ነው። ፍሬው ከጠነከረ በኋላም ወፍ አይተወውም፤ ዋናው ጥፋት ግን በወተቱ ጊዜ ነው። ከቀኑም የሚብሰው ንጋትና ማምሻ ነው። ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ማማ ላይ ያልወጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢጮህ ምን ይፈይዳል?

የኛ ማሳ ላይ የምናየው የየዕለቱን ወፍ ነበር፤ ድንቢጡን፣ ርግቡን፣ ቤቱን ከሣር የሚሠራውን ቢጫ ወፍ። የሁሉም ፍርሃት ግን ግሪሳ ነው። አንዲት ግሪሳ ብትመዘን 20 ግራም ገደማ ናት፤ በቀን የምትበላው 10 ግራም ያህል ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግሪሳ ግን ብቻዋን አትመጣም። አንድ ሚሊዮን ሆና ከመጣች በቀን 10 ቶን እህል ማለት ነው፤ መንጋው ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ይህን የሚመክተው ማስፈራርቾ ሳይሆን መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ከአንበጣው ጎን ለጎን ግሪሳንም በአውሮፕላን መድኃኒት እየረጨ ሲያጠፋ ኖሯል። መድኃኒቱ ግሪሳን ለይቶ አይመታም፤ አብሮ ያደረውን ሌላውን ወፍም ይገድላል። የአንድ ገበሬ ሙግት ግን ከዚህ በታች፣ በራሱ ማሳ፣ በራሱ ኪስ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ላይ ማሳችንን ይጠብቅ የነበረው ሰው መሳይ እማማ የሠሩት ነበር። ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ተጠላልፎ ይታሰራል፤ የአባባ አሮጌ ካፖርት ይለብሳል፤ ሆዱ ጭድ ይጎሰጎስበታል፤ ከላይ ቅል ይደፋበታል። ወጪው ከምንም የሚቆጠር አልነበረም፤ ዕድሜውም እንዲሁ። ዝናብ ሲመታው ካፖርቱ ይከብድና ትከሻው ይወርዳል። ጭዱን ፍየል ይጎትተዋል። ቅሉ በነፋስ ወድቆ ይሰበራል። ጥቅምት ሲጋመስ የቆመው ነገር ሰው መምሰሉን ትቶ ማሳ መሐል የተረሳ የቡትቶ ክምር ይሆናል። እማማም ያለ ቅሬታ ሌላ ይሠራሉ፤ እንጨቱን ከዚህ ነቅለው እዚያ ይተክላሉ፤ ካፖርቱን አውልቀው የተቀደደ ነጠላ ያለብሱታል። አባባ ይህን ማየት አይወዱም ነበር። በየዓመቱ የሚፈርስ ነገር በየዓመቱ መሥራት ለሳቸው የሥርዓት ጉድለት ነው። ወታደር ቤት ጫማ ሲሰጥ ስንት ወር እንደሚቆይ ተጽፎ ነው የሚሰጠው።

አንድ መስከረም ላይ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዱ። ሐረርን የሚያውቅ ያንን ድምፅ ያውቀዋል። ሸዋ በር አካባቢ ከተቀመጡበት ሳይነሡ የዘይት ቆርቆሮውን ኩራዝ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ምድጃ የሚያደርጉት ሰዎች መዶሻ ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ በየቤቱ ነበር፤ ከኮንትሮባንዱ ዱቄት ወተት የተረፈው የኒዶ ጣሳም እንደ ጉድ ነው። አባባ በዚህ ሁሉ መሐል ቁጭ ብለው ሰው አሠሩ። አከርካሪው የብረት ዘንግ ነው። ደረቱ ተዘርግቶ የተበየደ የዘይት ቆርቆሮ ነው። ራሱ የኒዶ ጣሳ ነው። ሁለቱ እጆቹ ነፋስ ሲመጣ እንዲሽከረከሩ ትከሻው ላይ በሽቦ ተያይዘዋል። ዋጋው ከአንድ ወር ጡረታቸው ላይ ቀላል የማይባል ቁራጭ ወሰደ። ማሳው መሐል ጉድጓድ አስቆፍረው፣ እግሩን በሲሚንቶ አስደፍነው አቆሙት። ሌባ እንዳይወስደው፣ ነፋስ እንዳይጥለው።

ሒሳቡን በደብተር ሠርተውት ነበር። ባለ ጨርቁ በዓመት ይህን ያህል ጨርቅ፣ ይህን ያህል ሲባጎ፣ የእማማ ሁለት ቀን ጉልበት። የቆርቆሮው ሰውዬ አንዴ ተከፍሎበት ዓሥር ዓመት። ቢካፈል ለዓመት የሚደርሰው ከጨርቁ ያንሳል። ደብተሩን ለእማማ ሲያሳዩ ትዝ ይለኛል። እማማ ማንበብ አይችሉም፤ ግን ቁጥሩ ትክክል መሆኑን አልተጠራጠሩም። «እንግዲህ ይሁና» ብለው ወደ ምጣዳቸው ተመለሱ።

የመጀመሪያው ሳምንት ድንቅ ነበር። ቆርቆሮው በጠዋት ፀሐይ ሲያብለጨልጭ፣ እጆቹ ሲሽከረከሩ፣ አንዲት ወፍ አላረፈችም። አባባ ማማው ላይ ተቀምጠው ሻያቸውን በሰላም ጠጡ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ወፎቹ ከማሳው ዳር ዳር መልቀም ጀመሩ። ከዚያም ጠጋ አሉ። ከዚያ አንድ ጠዋት ነፋስ ባልነበረበት ሰዓት ያቺ ቢጫ ወፍ የሰውዬው ክንድ ላይ ተቀምጣ ላባዋን ስታበጥር አየናት። ጎረቤታችን ሼኩ ከድንበሩ ማዶ ሆነው ሲያዩ ቆይተው፣ «ባሻ፣ ሰውዬህ ማታ ቤቱ አይገባም እንዴ? ወፏ እኮ እያየችው ነው!» አሏቸው።

ሼኩ ያሉት ነገር ዛሬ በጥናት የተጻፈ ነው። ወፍ አዲስ ነገር ትፈራለች፤ ፍርሃቷ ግን ከቀናት ወይም ከጥቂት ሳምንታት አያልፍም። ምንም እንደማያደርጋት ካየች ትለምደዋለች። ፍርሃቷን የሚያራዝመው መለዋወጥ ነው፤ ቦታውን፣ መልኩን፣ ድምፁን መለዋወጥ፣ አልፎ አልፎም እውነተኛ ሰው ብቅ ማለት። የእማማ ቡትቶ እየፈረሰ ስለሚሠራ፣ እየወደቀ ስለሚተከል፣ ልብሱ ስለሚቀያየር፣ በየሳምንቱ አዲስ ሰው ነበር። የቆርቆሮው ሰውዬ ግን በሲሚንቶ ስለታሰረ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። አባባ የገዙት ጥንካሬ እውነተኛ ጥንካሬ ነው። ቆርቆሮው አልዛገም፤ ብየዳው አልለቀቀም፤ ሰውዬው ከሳቸው በኋላም ቆሟል። ቀድሞ ያለቀው የወፏ ፍርሃት ነው። እሱ በደብተሩ ላይ ዕድሜ አልተሰጠውም ነበር።

ይህን ያስታወሰኝ ሚኒሶታ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። አብሮት የሚሠራ ሰው በየመከሩ ዳክዬ አደን ይወጣል። ወደ ሐይቅ ይዞ የሚሄደው የዳክዬ ምስሎችን ነው፤ ውኃው ላይ ይበትናቸዋል፤ በሰማይ የምታልፈው እውነተኛዋ ዳክዬ ዘመዶቿ የሰፈሩ መስሏት ትወርዳለች። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ስለ ዋጋ ሲያወራ ይውላል አለኝ። ውስጡ ባዶ የሆነው ፕላስቲክ ርካሽ ነው፤ ግን አንዲት የጥይት ፍሬ ካገኘችው ውኃ ይገባውና ይሰጥማል፤ ቀለሙም በቶሎ ይላጣል። ውስጡ በፎም የተሞላው አይሰጥምም፤ ነገር ግን ዋጋው የትየለሌ ነው፤ ሸክሙም ይከብዳል። የቱን ይግዛ? የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ አባባ ትዝ አሉትና ሌሊት ደወለልኝ። እኛ ያደግንበት አገር ዳክዬ አያድንም፤ ዳክዬ ያየነው ወደ ድሬዳዋ ስንሄድ ከአውቶቡስ መስኮት፣ ሐሮማያ ሐይቅ ላይ ነው። አዳኙ ወፍ ለመጥራት፣ አባባ ለማባረር ነው የገዙት፤ ሁለቱንም ያስጨነቃቸው ግን የሐሰት ፍጡር ዋጋና ዕድሜ ነው።

ስለዚህ ነገር ሳነብ ያገኘሁት አንድ ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1924 ኔቫዳ ውስጥ ላቭሎክ ከሚባል ዋሻ 11 የዳክዬ ምስሎች ወጥተዋል። የተሠሩት ጣና ላይ ታንኳ እንደሚሠራበት ደንገል ካለ የውኃ ዳር ሣር ነው፤ ተቀብተው፣ አንዳንዶቹም ላባ ተለጥፎባቸው። ዕድሜያቸው 2000 ዓመት ገደማ ነው። የሠራቸው ሰው ከሐይቁ ዳር አጭዶ፣ ጎንጉኖ፣ ምናልባት ገንዘብ የሚባል ነገር ሳያወጣ ነው የሠራቸው። ያቆያቸው ዕቃው አይደለም፤ ከደረቅ ዋሻ ውስጥ በወግ ተጠቅልለው መቀመጣቸው ነው። የሸዋ በሩ ባለሱቅ «እንደ አያያዝህ ነው» ሲል ትክክል ነበር።

ወደ ገመዱ ልመለስ። አባባ በቆርቆሮው ሰውዬ ተስፋ አልቆረጡም፤ በዚያው ዓመት ማማውን አሻሻሉ። ማማው አራት ግንድ ላይ የቆመ ርብራብ ነው፤ ከላዩ የማሽላ አገዳ ጥላ አለው። ከማማው ወደ አራቱም ማዕዘን ገመድ ይዘረጋል። ገመዱ ላይ ጠጠር የገባባቸው ጣሳዎች ይንጠለጠላሉ። ማማው ላይ ያለው ልጅ አንዱን ሲስብ በዚያ በኩል ያሉት ጣሳዎች ሁሉ ይንኮሻኮሻሉ፤ ወፉ ይነሣል። እዚህ ላይ የቃጫና የናይሎኑ ሙግት ይመጣል። ቃጫው ርካሽ ነው፤ ሼኩም እዚያው በሚበቅለው ቃጫ ራሳቸው ይገምዱታል፤ ነገር ግን ዝናብ ያበሰብሰዋል፤ መሬት የነካውን ምስጥ ይጨርሰዋል። ሰማያዊው ናይሎን ውድ ነው፤ አይበሰብስም፤ ምስጥም አይነካውም። አባባ ናይሎኑን ገዙ። የሐረር ፀሐይ ግን ሥራዋን ሠራች። በሁለተኛው ዓመት ናይሎኑ ላይ እጅህን ስትስብ ሰማያዊ ብናኝ መዳፍህ ላይ ይቀራል፤ ውስጡ እንደ ደረቀ ሣር ይሰባበራል። ቃጫን የሚገድለው ውኃ ነው፤ ናይሎንን ፀሐይ። አባባ ይህን ካዩ በኋላ ሰብሉ ሲያልቅ ገመዱን ጠቅልለው ጎጆው ውስጥ ማስቀመጥ ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲህ የገዙት ናይሎን ዓመታት ቆየ።

በኋላ ደግሞ የካሴት ክር መጣ። ቴፕ የበላውን ካሴት ክር አውጥተው ከእንጨት እንጨት እየወጠሩ ማሳ ዙሪያ ይዘረጉታል። ነፋስ ሲመታው ይንዘረዘራል፤ የሚያወጣው ድምፅ ከሩቅ የንብ መንጋ ያስመስለዋል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ይብለጨለጫል። ዋጋ የለውም። አንድ ወቅት እንኳ አይሞላም፤ ይበጠሳል፤ ይነሣል፤ ሌላ ይወጠራል። ወፉ ግን ይፈራዋል። እማማ ይህን ያዩ ጊዜ አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ ቤት ውስጥ ያለውን የተበላሸ ካሴት ሁሉ ለቅመው ሰጡኝ።

ይሁን እንጂ ማሽላውን ያዳነው ቆርቆሮው አይደለም፤ ገመዱም፣ ክሩም አይደለም። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ያዳነው የሰው ጉሮሮና የሰው ክንድ ነው፤ ከዚያ ክንድ ሁሉ ደግሞ የበለጠው የሼኩ ልጅ ክንድ ነበር።

የሷ ማማ ከኛ ማማ አንድ ጩኸት ያህል ይርቃል። በዕድሜ ትንሽ ትበልጠኛለች። ወንጭፏን ራሷ ነው የሠራችው። ሁለቱ ክንዶች ከቃጫ የተጎነጎኑ ናቸው፤ ጭቃ የሚይዘው መሐሉ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ ቆዳ ነው። አንደኛው ጫፍ የመሐል ጣቷ የሚገባበት ቀለበት አለው፤ ሌላው ጫፍ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል ይያዛል። ጫፉ ላይ የላላ የቃጫ ጭራ ትታለታለች፤ ስትለቀው የሚጮኸው እሱ ነው። ጥይቷ ድንጋይ አይደለም። ድንጋይ ዛላ ይሰብራል፤ ለቅሞ ለመመለስም ጊዜ ይፈጃል። ከጉድጓድ ዳር ጭቃ አምጥታ፣ በመዳፏ እያድበለበለች፣ ማማው ጠርዝ ላይ ደርድራ በፀሐይ ታደርቀዋለች። ወንጭፉን ከራሷ በላይ አዙራ ስትለቀው ጧ ይላል፤ ጭቃው አየር ላይ ይበተናል፤ ከማሳው የዚያኛው ጫፍ የወፍ ደመና ይነሣል። እኔ ያንን ድምፅ ለማውጣት ስንት ዓመት ሞክሬያለሁ። የሷን ያህል የሚጮኽ ወንጭፍ በዚያ አካባቢ አልነበረም።

ፊደል ታውቅ ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ትምህርቱ ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ኦሮምኛ ነበር፤ ያኔ በግዕዝ ፊደል ነው የተጻፈው። እሷም በአንዱ ዙር የማታ ትምህርት ፊደሉን ለየች። እሁድ ጧት መጽሐፌን ይዤ ወደሷ ማማ ስሻገር ጣቷን ከቃል ቃል እያሻገረች ታነባለች፤ ዓይኗ ግን ግማሹ ማሳው ላይ ነው። ከዚያ ቆም ብላ ትጮኻለች፤ ወንጭፏን ታዞራለች፤ ተመልሳ ያቆመችበትን ቃል ትፈልጋለች። እሁድ ከሰዓት እኔ ደብተሬን ይዤ ወደ ሐረር እመለሳለሁ፤ ሰኞ ትምህርት ነው። ለሷ ሰኞ ወፍ ነው። ትምህርት ቤት የሚከፈተው መስከረም ነው፤ ማሽላው ወተት የሚሞላውም መስከረም ነው፤ በዚያ አገር ስንት ልጅ በዚህ አንድ ወር ምክንያት ከትምህርት እንደቀረ ሳስበው ዛሬም ያመኛል። ሼኩን አልወቅስም። ቆርቆሮ የሚያሠሩበት ጡረታ የላቸውም። ያላቸው ልጅ ናት፤ የልጅ ጉልበት ደግሞ ገበያ ወጥተው ዋጋ የማይጠይቁበት ነገር ነው። እኔ በሌለሁበት ሰኞ እስከ ዓርብ የኛንም ማሳ በጩኸቷ የምትጠብቀው እሷ ነበረች። አባባ ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው እስከ ጫፍ አይደርስም።

አባባ ሲያርፉ ደብተሩ ለኔ ደረሰ። ቀይ ሽፋን፣ ባለ ካሬ ወረቀት። ሁሉም በወግ ተጽፏል፤ ሚስማር፣ ሲሚንቶ፣ ቃጫ፣ ናይሎን፣ «ለቆርቆሮ ሠሪ»፣ «ለበያጅ»። ከያንዳንዱ አጠገብ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል የተገመተው በቅንፍ አለ። በአንድ ኅዳር ሥር፣ ከሌላው ሒሳብ በመስመር ተለይታ አንዲት ነገር ተጽፋለች፤ «ለሼኩ ልጅ ሻሽ»። ዋጋው ከናይሎኑ ገመድ ያንሳል። ከላይዋ «ስጦታ» የሚል ርዕስ አለ። አባባ ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ሻሹን ሲገዙም ገመድ እንደሚገዙት ጨርቁን እየዳበሱ፣ ቀለሙ ይለቅ እንደሆን በምራቃቸው እየፈተኑ መግዛታቸውን አልጠራጠርም። ቦታዋ ግን እዚያ አልነበረም። ወጪ ውስጥ፣ ከሁሉም በላይ፣ በአንደኛ ተራ ቁጥር መጻፍ ነበረባት። የቆርቆሮው ሰውዬ ለዓመት ስንት እንደሚደርስ ሲካፈል፣ የጨርቁ ሲካፈል፣ እሷ ዜሮ ሆና ስለገባች ነው ሒሳቡ ሁሉ ያማረው። ይህን ስጽፍ እሳቸውን ለመክሰስ አይደለም። በዚያ ዘመን የገጠር ሒሳብ ሁሉ እንዲህ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቦታ እንዲህ ነው።

ሼኩ ሌላም መላ ነበራቸው። ከማሳቸው ለዱሩ በሚቀርበው በኩል ቀይ ማሽላ ይዘሩ ነበር፤ ሌላ አገር ዘንጋዳ እንደሚሉት ዓይነት መራራ። በፍሬው ሽፋን ውስጥ ታኒን አለ፤ እሸቱን ወፍ ስትቀምሰው አፏን ይጨብጣታልና ሌላ ካለ ትታው ትሄዳለች። ይህ ገንዘብ የማይወጣበት ጥበቃ ነው፤ ዘሩን እስካስቀሩ ድረስ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። የሚከፈለው ገበታ ላይ ነው። እንጀራው ይጠቁራል፤ ይመራል፤ ገበያ ላይ ነጩን የሚያህል ዋጋ አያወጣም። ወፉም ከራበው ይበላዋል። ሼኩ ስለዚህ ግማሹን ቀይ፣ ግማሹን ነጭ ያደርጋሉ፤ ልጃቸው የምትጠብቀው ነጩን ነው። ከኛ ብዙ በማይርቀው ዓለማያ ኮሌጅ፣ በዛሬው ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ማሽላን ማሻሻል እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተያዘ ሥራ ነው። ከዚያው ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1973 የተመረቁት ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት አግኝተዋል። ጠላትን በዘሩ ውስጥ መመከት ሼኩም በራሳቸው መንገድ የደረሱበት ነው፤ ለማሳ ከሚገዛ ዕቃ ሁሉ የሚበረክተው ዘር ነው ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ ያቺ ማሳ ግማሿ ጫት ሆናለች። ጫትን ወፍ አይበላውም፤ ማማም አይፈልግም። ብዙ የሐረርጌ ገበሬ ወደ ጫት ያዘነበለው ገንዘቡን አይቶ ነው፤ ግን ልጅ ለወር ማማ ላይ አለማስቀመጥም ትንሽ ነገር አይመስለኝም። በተረፈችው ግማሽ የወንድሜ ልጅ አሁንም ማሽላ ይዘራል። ባለፈው መስከረም ከሐረር ገበያ ፎቶ ላከልኝ። የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ጥቅል ነው፤ አንደኛው ወገን ብር፣ ሌላው ቀይ፤ እንደ ካሴት ክሩ ማሳ ላይ የሚወጠር፣ ለወፍ ተብሎ የተሠራ። ሁለት ዓይነት አለ፤ ስስና ወፍራም፤ ወፍራሙ እጥፍ ዋጋ ነው። የቱን ልግዛ አለኝ።

ስሱን ግዛ አልኩት፤ በየሳምንቱ ቦታውን ለማንቀሳቀስ አይከብድህም፤ ቢበጠስም አትቆጭም። ከሰብሉ በኋላ ግን ልቅም አድርገህ ሰብስበው፤ ፕላስቲኩ መሬት ውስጥ አይቅር፤ ከብት አይብላው። ዘሩን ደግሞ ከዱሩ በኩል ቀይ አድርገው። የቆርቆሮውን ሰውዬ አትንቀለው፤ ሲሚንቶውን ለመስበር የምትከፍለው ከብረቱ ዋጋ ይበልጣል፤ ገመድ ማሰሪያ ይሁንህ። ከሁሉ በፊት ግን ለወተቱ ሳምንታት ንጋትና ማምሻ ማሳው ላይ የሚቆም አዋቂ ሰው በቀን ስንት እንደሚጠይቅ አጣራና ደብተርህ ላይ በመጀመሪያው መስመር ጻፍ። ቀሪውን ከሱ በታች ደምረው። ሒሳቡ ካልወጣልህ ንገረኝ፤ ጎዶሎውን እኔ እልካለሁ፤ ልጆችህ ሰኞ ትምህርት ቤት ይሂዱ።

በማግስቱ የጠባቂውን የቀን ዋጋ ጽፎ ላከልኝ፤ ከጥቅሉ ዋጋ ብዙ ይበልጣል። ገንዘቡን ላክሁ።